መርዶ በፍኖተ አዋልድ በር

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሞጣ፣ ከሉማሜና ከየገጠሩ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እዚያ ከዛፉ ሥር ነጠላችሁን ዘቅዝቃችሁ የቆማችሁ የፍኖተ አዋልድ ኮሌጅ ልጆች፤ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ያለው ባንተአምላክ ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት የእኅቴን የወይዘሮ አመተ ሥላሴን ዜና ሕይወት ላነብ ነው። ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር ላይ የጨረስሁ ሰው ስለሆንሁ ቃል ማሳመር አይሆንልኝም፤ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል አነባለሁ፣ ደስ የማያሰኘውንም አልዘለውም። ቅር የሚለው ሰው ካለ ከቀብሩ በኋላ ቤቴ አይጠፋውም።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ ባንተአምላክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀብትነሽ በ1943 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት ከቢቸና በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ገጠር ተወለዱ። አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩና ግቢያችን ከሩቅ አገር በመጡ ተማሪዎች የተሞላ ነበር። እኅቴ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው የሚባለውን ሁሉ እየሰሙ በቃላቸው ይይዙ ነበር፤ አባታችን መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው ዝም አሉ፣ በመጨረሻም ፊደል አስቈጠሯቸው። በዘጠኝ ዓመታቸው ለአንድ ባለጸጋ ልጅ ታጭተው ሳለ ከእሳቸው ጥቂት ከፍ የምትል የጎረቤት ልጅ በባሏ ቤት በምጥ ሞተች። መሪጌታ ከዚያች ልጅ ቀብር እንደተመለሱ እጮኝነቱን አፈረሱ፣ ከአማቾቹም ጋር እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰላምታ አልነበራቸውም። እኅቴ የዚያችን ልጅ ስም ለማንም ሲጠሩ አልሰማሁም፤ መቃብሯ አጠገብ ሲያልፉ ግን እርምጃቸው ይከብድ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቢቸና፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደብረ ማርቆስ ተከታትለው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ሞጣ ተመደቡ። በተመደቡበት ትምህርት ቤት ከእሳቸው በቀር ሴት መምህር አልነበረም። በዚያው ባልደረባቸው ከነበሩት ከአቶ መንግስቴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኃይለ ጊዮርጊስንና ወይንእሸትን ወለዱ፤ አቶ መንግስቴ ግን በጉበት ሕመም ብዙ ከማቀቁ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያ የሐዘን ጊዜ ከጎናቸው ያልተለዩት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘይዳ ይማም ነበሩ፤ የሁለቱ ወዳጅነት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ትናንት ጧት አልተቋረጠም። ወይዘሮ ዘይዳ እዚህ አሉ፤ አንገታቸውን እንደደፉ ናቸውና አላስነሣቸውም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ መንገዱ የታጣቂ መንገድ ሆኖ፣ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ከረሙ። በመስከረም ሲከፈት እኅቴ ክፍላቸው ገብተው የሴቶቹ ወንበር ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኖ አገኙት። ወላጆች በዚያ ሁከት ልጅ ቤት ማስቀመጥ አደጋ ነው ብለው የደረሰችውንም ያልደረሰችውንም ድረው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱትም ቢሆኑ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚልካቸው ስላልነበረ የትምህርታቸው መጨረሻ ከሠርግ ድንኳን ሥር ነበር። ለሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የማይርቅ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር ቤት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ የመጣባቸው ያን ጊዜ ነው።

ፍኖተ አዋልድ የሴቶች ኮሌጅ በ1988 ዓ.ም. በሞጣ ከወይዘሮ ዘይዳ ሱቅ ጀርባ በነበረው የጨርቅ መጋዘን ውስጥ ተከፈተ። ስሙን ያወጡት አባታችን ናቸው፤ የሴቶች ልጆች መንገድ ማለት ነው፤ ካወጡለት በኋላ ብዙም አልቆዩም። በአካባቢያችን ከዚያ በፊት ለሴቶች ብቻ ተብሎ የተከፈተ ኮሌጅ የሰማ ሰው አልነበረምና በሞጣ ያልተሳለቀ አልነበረም፤ ሴቶቹ ሁሉ መምህር ከሆኑ ወንዶቹን ማን ሊያገባቸው ነው ይባል ነበር። እኅቴም ራሳቸው ይስቁና፣ የተማረ ወንድ ከተገኘ እኛው እንድራለን ብለው ይመልሱ ነበር። በ1991 ዓ.ም. እዚህ ቢቸና ጫፍ ላይ ቦታ ሲሰጣቸው ኮሌጁን ወደዚህ አመጡት፤ መጀመሪያ መምህርነት፣ ኋላም ሒሳብ አያያዝና የጤና ሙያ በዲፕሎማ ይሰጥበት ጀመር።

እንግዲህ የኮሌጁን ሥርዓት ልንገራችሁ፤ የመጣው መከራ ሁሉ በዚህ በኩል ነው የመጣው። አንድ ወላጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ የልጁን እጅ በእኅቴ እጅ ላይ ያኖር ነበር፤ እሳቸውም ተቀብለው አደራ በሰማይ አደራ በምድር ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቱ በትምህርት ጊዜ ከግቢው አትወጣም፤ ለሠርግ አትወጣም፣ ለክርስትና አትወጣም፣ ለተዝካር አትወጣም፤ እናትሽ ታማለች ቢባል እንኳ እኅቴ ሰው ልከው ያስጠይቃሉ እንጂ ልጅ አይሰጡም። ለመርዶ ብቻ በሩ ይከፈት ነበር። ሰው በድንበር ይዋሻል፣ በነፍስም ይዋሻል፤ እኔ ከወንበሬ ላይ ስንቱን ሰምቻለሁ። በመርዶ የሚዋሽ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር፤ በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ሞትን ደጅ ድረስ መጥራት ነውና ሌባም ቢሆን ይፈራው ነበር። ስለዚህ ነጠላ ዘቅዝቆ የመጣን ሽማግሌ ማንነትህን አስረዳ የሚል ሰው በአገራችን አልነበረም፣ እኅቴም አላሉም። ያችን አንዲት ክፍት በር ደግሞ ከሉማሜ እስከ ሞጣ የማያውቃት አልነበረም።

በ1995 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ የጥር ሠርግ ድግስ በየቤቱ በተጀመረበት ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ አራት ሽማግሎች ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ከኮሌጁ በር ቆሙ። የመጡት ከሉማሜ ወዲያ ካለ ገጠር ነው፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረችውን እፀገነትን አስጠርተው አባቷ ማረፉን አረዷት። ልጅቱ መሬት ላይ ወደቀች፣ ጓደኞቿ ደረታቸውን መቱ፣ እኅቴም ራሳቸው አብረው አልቅሰው ነጠላዋን ዘቅዝቀው አልብሰው እስከ መኪናው ድረስ ደግፈው ሸኟት። መኪናው ሲነሣ ከሽማግሎቹ አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ በሩን አየ ይባላል፤ ይህን ያየችው የበሩ ጠባቂ እስካሁን ትናገረዋለች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እኅቴ ለልጆቹ ቀለብ ጤፍ ሊገዙ ወደ ቢቸና ገበያ ወረዱ። ከከብት ተራው በኩል ሲያልፉ አንድ ሰው ሁለት ወይፈን ይዞ ዋጋ ሲከራከር አዩ። የእፀገነት አባት ነበር። ከእሳቸው ጋር አብራቸው የነበረችው ሠራተኛ ጮኸች፤ እኅቴ ግን አልጮኹም፣ ሰውየው አጠገብ ሄደው ቆሙ። እሱም አያቸው፣ ወዲያው አንገቱን ደፍቶ ወይፈኖቹን እየነዳ ወደ ሕዝቡ መካከል ገባ። በኋላ እንደተረዳነው ልጁን ለመዳር ቃል ሰጥቶ ኖሮ፣ ከኮሌጁ የሚያስወጣበት መላ ሲጠፋው ለሽማግሎቹ እኔን ሞተ በሉ ያላቸው እሱ ራሱ ነበር። የገዛ ሞቱን አበደረ። ወይፈኖቹንም ያመጣቸው ለሠርጉ ወጪ ነበር።

እኅቴ ወይዘሮ ዘይዳን አስከትለው ወደዚያው አገር ሄዱ፤ ልጅቱ ተድራ ነበር፣ ፊቷንም አላሳዩአቸውም። የሰፈሩ ሽማግሎች ነገሩ ካለቀ ወዲህ ጋብቻውን መመረቅ ነው የሚሻለው ብለው መለሷቸው፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያ ዓመት ሳያልቅ በሌሎችም ልጆች ላይ ሐሰተኛ መርዶ መጣ፤ አንዷ ሄዳ ቀረች፣ አንዷን መንገደኞች አስጣሏት። ወላጆች የአደራው ነገር ተበላሸ እያሉ ልጆቻቸውን ያስወጡ ጀመር፤ በቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይወረወራል፣ በገበያ ውስጥ ያቺ ሴትዮ የሚመጣውን ጥር አታየውም የሚል ወሬ ይነዛል። ኮሌጁ ለመዘጋት አፋፍ ላይ ደርሶ ሳለ ወይዘሮ ዘይዳ የልጃቸውን ልጅ ኢልሀምን ከሞጣ ይዘው መጡና እጇን በእኅቴ እጅ ላይ አኖሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሌሎች የሞጣ ነጋዴዎችም ልጆቻቸውን ላኩ፤ ኮሌጁ በዚያ ቆመ። እፀገነትም በክረምቱ፣ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት ወቅት፣ ከባሏ ቤት ጠፍታ እግሯ አብጦ ከበሩ ደረሰች። እኅቴ አንድም ነገር ሳይጠይቋት ወደ ቀድሞ አልጋዋ መለሷት።

ከዚያ በኋላ አዲስ ሥርዓት ተደነገገ። መርዶ ሲመጣ አርጂዎቹ ከበር ይቆያሉ፤ ከኮሌጁ አንዲት ሰው ሟቹ ቤት ድረስ ሄዳ በዓይኗ አይታ እስክትመለስ ድረስ ማንም አትወጣም፣ ማንምም አታለቅስም። ስልክ አለ የሚለኝ ይኖራል፤ ስልክም ይዋሻል። ለሽማግሌ ይህ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጉዳዩ የተነሣ ጊዜ እኔም ተቃውሜ ነበር፤ እኅቴ ግን ሽማግሌ ቢቀየመኝ ይሻላል፣ ልጅ ከምትቀርብኝ ብለው ጸኑ።

በ1997 ዓ.ም. የእፀገነት አባት በእውነት ሞተ። መርዶውን ይዘው የመጡት ከዚያ ከሐሰተኞቹ ጋር ያልነበሩ፣ በአገራቸው የተከበሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ አንድ አረጋዊ ነበሩ፤ ልጅቱ የአባቷን ፊት ሳይቀበር እንድታይ ብለው ውሃ ሳይቀምሱ ነበር የመጡት። ከበሩ አስቆሟቸው። ለእፀገነት ሲነገራት አባቴ ሞተ ብለውኝ አንዴ አልቅሼለታለሁ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እኅቴ ራሳቸው ሊያዩ ሄዱ፤ ሲደርሱ ሕዝቡ ቀብሮ ሲመለስ፣ እጁን ሲታጠብ አገኙት። አመሻሽ ላይ ተመልሰው እውነት ነው ሲሉ አረጋዊው ዱላቸውን ተደግፈው እዚያው በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ እኔ በሽምግልናዬ ሐሰተኛ በተባልሁበት በዚህ በር የአንቺም መርዶ ሲመጣ የሚያምን አይገኝ ብለው ተራግመው ሄዱ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እርግማኑ በቤታችን ላይ ዋለ። እናታችን ወይዘሮ ሀብትነሽ እንቅልፍ አጥተው እኅቴን ሂጂና እርግማኑን አስነሺ እያሉ ይለምኑ ነበር፤ እኅቴም ሥርዓቱን አልለውጥም፣ ያዘኑትን ሰው ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ ብለው እንደ አገራችን ልማድ ድንጋይ ተሸክመው ወደ አረጋዊው ቤት ሄዱ። ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ የአረጋዊው ተዝካር ነበር። ድንጋዩን ከደጁ አስቀምጠው ተመለሱ። የተራገመው ሰው ከሞተ እርግማን ማን ያነሣዋል፤ እናታችን ይህን እየደጋገሙ በማግሥቱ ዓመት ዐረፉ።

በ2002 ዓ.ም. ልጃቸው ኃይለ ጊዮርጊስ ከሞጣ ወደ ቢቸና ሲመጣ መኪናው ተገለበጠ። መርዶውን ያረዳናቸው እኛው ነን፤ በዚያች ሰዓት እንኳ እኅቴ አላለቀሱም፣ ነጠላቸውን ለብሰው ልየው ብለው ተነሡ። አስከሬኑ ካለበት ድረስ ሄደው ፊቱን ገልጠው አዩ፣ ያኔ ወደቁ። ከተማው እርግማኑ ያዛት አለ። ሰው አፉን የሚከፍትበት ቦታ ሁሉ ይህ ነበር ወሬው፣ ለእሳቸውም ይደርሳቸው ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ፍኖተ አዋልድ አልተዘጋም። ያስተማራቸው ሴቶች በየገጠሩ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተሰማርተዋል፤ እዚህ ካለነው ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ከእነሱ አንዷ ያላስተማረችለት ወይም ያላዋለደችለት ጥቂት ነው። እፀገነትም ተመርቃ፣ ሌላ ዲግሪ ጨምራ በዚያው ኮሌጅ መምህርት ሆነች። ዛሬ የኮሌጁን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ባለፈው ኅዳር ሕመም ጀመራቸው፤ ጨጓራ ነው ሲባል ከርሞ ኋላ ካንሰር መሆኑ ተነገረን። በአልጋ ላይ ሳሉ ሞትን የፈሩ አይመስለኝም፤ የሚፈሩት ሌላ ነበር። እኔ ስሞት በሩ ይከፈታል ወይ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ያልሆነ ፍርሃት አልነበረም፤ በዚህ በያዝነው ዓመት በጥር፣ መታመማቸው ሲሰማ፣ ሦስት ሰዎች ጋቢ ዘቅዝቀው ከበሩ መጥተው አንዲት ልጅ እናትሽ ሞተች አሏት። እፀገነት ሄዳ እናትየዋን ጠላ ስትጠምቅ አገኘቻት። ተመልሳ ስትመጣ ሰዎቹ ከበሩ የሉም። እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ በ1995ቱ መርዶ ከነበሩት አራት ሽማግሎች መካከል በሕይወት ያሉትንም አውቃቸዋለሁ። ስማቸውን በአስከሬን ፊት አልጠራም፤ ከዚህ ሕዝብ መካከል ቆመው የሚሰሙኝ ራሳቸውን ያውቃሉ።

እኅቴ ትናንት መጋቢት 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ልጃቸው ወይንእሸት እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ። እኔም ሁለት የዕድሜ እኩዮቼን ይዤ፣ ጋቢዬን ዘቅዝቄ፣ ወደ ኮሌጁ ሄድሁ። የበሩ ጠባቂ መርዶዬን ሰማችና ጋሼ ይቆዩ ብላ በሩን ዘጋችው። የገዛ እኅቴን መርዶ ይዤ ቆምሁ። በፍርግርጉ በኩል ልጆቹን አያቸዋለሁ፤ ከየመኝታ ቤቱ ወጥተው ግቢው ውስጥ ተኮልኩለው ቆመዋል፣ አንዲትም አታለቅስም። ተቆጣሁ፣ ኋላ ግን የአረጋዊው ቃል በጆሮዬ መጣ፣ አንድም ሳይቀር ደረሰ አልሁ። እፀገነት ብቻዋን ወጥታ አጠገቤ አለፈች፣ ፊቴን አላየችም። ቤት ደርሳ፣ የእኅቴን ፊት ገልጣ፣ ግንባራቸውን ስማ፣ መልሳ ሸፈነች። ወደ ኮሌጁ ስትመለስ ከበሩ ሳትደርስ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፤ ያኔ የተነሣውን ለቅሶ ቢቸና ሁሉ ሰምቶታል።

በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ገባኝ፣ ለእናንተም ይግባችሁ። እርግማኑ ደርሷል፤ የእኅቴን መርዶ በዚያ በር ላይ ያመነ አልተገኘም። እኅቴ በአልጋ ላይ ሲጠይቁኝ ለከረሙትም መልሱ ይኸው ነው፤ እሳቸው ሞተው በሩ አልተከፈተም። የሚመጣውን ጥር የምትጠብቁ ይህን ይዛችሁ ሂዱ።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ልጃቸውን ወይንእሸትን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንደ እኅት የምንቈጥራቸውን ወይዘሮ ዘይዳ ይማምን፣ እጃቸው በእኅቴ እጅ ላይ የተቀመጠውን፣ ቁጥራቸውን የማላውቀውን ሴቶች ልጆች ትተው ሄደዋል። በሐዘናችን ሌሊቱን ያልተለያችሁንን ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። አምላካችን የእኅቴን ነፍስ ከአባቷ ከመሪጌታ፣ ከእናቷ፣ ከባሏና ከልጇ ጋር በብርሃን ያኑርልን፤ ድንጋዩ ከደጁ ለቀረበት ለዚያ አረጋዊም ዕረፍት ይስጥልን፣ ሁለቱንም በአንድ ቦታ አገናኝቶ ያስታርቅልን።

አባቶች ካህናት፣ ሳጥኑ እስካሁን ሳይታሸግ የቆየው በእኔ ጥያቄ ነውና ታገሡኝ። ትናንት ከየተመደባችሁበት ተነሥታችሁ ዛሬ የደረሳችሁ ልጆች፣ እስካሁን ሳታለቅሱ እንደቆማችሁ አያለሁ። ያላያችሁ ቅረቡና እዩ፤ እንጠብቃችኋለን።